ቁጥር መጣች፣ የማን ናት?

በዚያ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ፓስወርድ ምስጢር ነው ብሎ የሚያምን ሰው ካለ፣ ወይ ትናንት የተቀጠረ ነው፣ ወይ እትዬን አያውቃትም።

እትዬ የዲፓርትመንቱ ጸሐፊ ናት። የራሷ ስም አላት፤ የሚጠራው ግን ደመወዝ ሲወጣ ብቻ ነው። ከዚያ ውጪ ከኃላፊው ጀምሮ እስከ ጥበቃው፣ በዕድሜ የሚበልጧት ሳይቀሩ፣ እትዬ ነው የሚሏት። ቢሮዋ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ደረጃው ሲያልቅ የመጀመሪያው በር ነው። ወደ መምህራኑ ቢሮ የሚወስደውን ኮሪደር መያዝ የፈለገ ሁሉ በእሷ በር ፊት ማለፍ ግዴታው ነው፤ በሯ ደግሞ ተዘግቶ አያውቅም። ማን አርፍዶ እንደገባ፣ ማን ቀድሞ እንደሾለከ፣ ማን ከማን እንደተኮራረፈ በጫማ ኮቴ ትለያለች። በቢሮዎቹ መሀል ያለው ግድግዳ ስሙ ግድግዳ ይባል እንጂ ቀለም የተቀባ ኮምፔንሳቶ ነው፤ እዚህ ያነጠሰ ሰው ከሦስት ቢሮ ወዲያ «ይማርህ» ይባላል።

ፓስወርዶቹ እንዴት እሷ ዘንድ እንደተሰበሰቡ ብትጠይቅ ማንም ሰጠኋት አይልህም። ነገሩን የጀመረው የስታቲስቲክሱ መምህር ነው። አንድ ጊዜ እጁን ወለም ብሎት «እትዬ፣ የተማሪዎቹን ውጤት አስገቢልኝ» አለና ፓስወርዱን ነገራት። እጁ ዳነ፤ ውጤቱ ግን እሷው ጋ ቀረ። ይህን ያየ ሌላው መጣ፣ የእሱን ያየ ሦስተኛው መጣ፤ እያለ እያለ መላው ዲፓርትመንት በእሷ እጅ ሲጽፍና በእሷ ዓይን ሲያነብ ኖረ። እሷም ፓስወርዶቹን በወረቀት አልያዘችም። የሰው ገመና የሚይዝ ጭንቅላት ለፊደልና ለቁጥር አያንስም። ደግሞም ፓስወርድ ራሱ ወሬ ነው፤ የስታቲስቲክሱ መምህር ፓስወርድ የሚስቱ ስም ነበር፤ አንድ ቀን ወደ ውሻው ስም ሲለወጥ እትዬ ማንም ሳይነግራት ቤቱ ሰላም እንደሌለ ገባት።

ከሁሉ የባሰው ኃላፊው ነው። «ዶክተር በኋላ» ይሉታል፣ ጀርባውን ሲሰጥ። ምን ብትጠይቀው መልሱ «በኋላ» ነውና። ኃላፊ ከሆነ ጀምሮ በገዛ እጁ አንድ ኢሜይል ጽፎ አያውቅም። እትዬ ጠዋት ገብታ የእሱን ኮምፒውተር ትከፍታለች፣ የመጣውን ጮክ ብላ ታነብለታለች፣ እሱ «እሺ በያቸው» ወይም «በኋላ በያቸው» ይላል፣ እሷ ከዚያች አንዲት ቃል ተነስታ ማር የመሰለ ደብዳቤ ትጽፋለች። «ለተከበሩ»ው የእሷ ነው፣ «ከታላቅ አክብሮት ጋር»ም የእሷ ነው። በሌሎች ዲፓርትመንቶች ዘንድ እንደ እሱ ጨዋ ጸሐፊ የለም ተብሎ ይወራል። አንድ ስብሰባ ላይ በፊት ለፊት ሲመሰገን ቀና ብሎ «ከአባቴ የወረስኩት ነው» ብሏል። እትዬ ቃለ ጉባኤ ስትይዝ ነበር፤ እሱንም ጻፈችው።

እትዬ ወሬ ይዛ አታድርም። ይህን የሚያውቁ ሁሉ ምስጢር ሊነግሯት ሲፈልጉ በኮሪደሩ ሊለጥፉት እንዳሰቡ ያህል ነው የሚቆጥሩት። አንድ ነገር ብቻ ነው ከአፏ ያልወጣው። አንድ ከሰዓት የኃላፊውን በር ሳታንኳኳ ብትገባ፣ ዶክተሩ በሙሉ ልብሱና በከረባቱ ጠረጴዛው ላይ ቆሞ አገኘችው፤ አንድ እግሩ ጫማ አለው፣ የሌላኛው እግሩ ጫማ እጁ ላይ ነው። እዚያ ላይ ምን እንዳወጣው ሁለቱ ብቻ ያውቃሉ። ለማንም እንዳትናገር አስማላት፤ እሷም ማለች፤ መሐላው ከጥርስ ሕመም የበለጠ ቢያሰቃያትም ጠበቀችው።

ኑሮ እንዲህ ሲሄድ ጠርጣሪው መጣ።

ጠርጣሪው የአይሲቲ ሰው ነው፤ ራሰ በራ፣ ኮስታራ፣ ሻይ ቤት ገብቶ ሻዩን ከየትኛው በራድ እንደቀዱለት ሳያይ የማይጠጣ። በቢሮው በር ላይ «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» የሚል ወረቀት ለጥፏል። መምህራኑን አዳራሽ ሰብስቦ እንዲህ አላቸው፦

«ሌባ በር መስበር ትቷል። አሁን አንኳኩቶ፣ ሰላምታ ሰጥቶ ነው የሚገባው። ከአይሲቲ ነው፣ ከባንክ ነው፣ ከአለቃህ ነው የሚል ኢሜይል ይልክልሃል። ሊንክ አለው። ስትነካው ቁርጥ የእኛን የሚመስል ገጽ ይከፈታል፣ ፓስወርድህን ጻፍ ይልሃል። ጻፍክ? በቃ፣ ተሸኘህ። ስለዚህ ከዛሬ ጀምሮ ቁልፉ ሁለት ነው። ፓስወርዱ ጭንቅላትህ ውስጥ ነው። ሁለተኛው ኪስህ ውስጥ ነው፤ ልትገባ ስትል ስልክህ ላይ ኮድ ይላካል፣ እሱን ካልጻፍክ አይከፈትም። አንዱን የሰረቀ ሌላውን ካላገኘ ደጅ ያድራል።»

ሁሉም ራሱን ነቀነቀ። ከአዳራሹ ወጥተው ቢሮ እስኪደርሱ ሲያደንቁት ነበር። ከዚያ ገጹ ተከፈተና «የስልክ ቁጥርዎን ያስገቡ» አለ፤ ሁሉም፣ አንድም ሳይቀር፣ የእትዬን ቁጥር አስገባ።

ማንም ጥፋት የሠራ አልመሰለውም። ሐሳቡ እንዲያውም ልክ ነው፦ አካውንቴን የምትከፍተው እሷ ናት፤ ኮዱ እኔ ኪስ ቢመጣ ምን ይሠራልኛል? እሷም እሺ ብላለች። እንደውም የግማሾቹን ቁጥር ያስገባችው ራሷ ናት። ሁለተኛው ቁልፍ በየሰው ኪስ እንዲበተን ተብሎ የመጣው ሁሉ ተጠራርቶ አንድ ኪስ ገባ።

ጠርጣሪው ቢሮው ሆኖ ሲያይ ያ ዲፓርትመንት ከዩኒቨርሲቲው ሁሉ ቀድሞ ምዝገባውን ጨርሷል። ደስ ብሎት የምስጋና ኢሜይል ላከ። የሻይ በራድ የሚጠረጥር ሰው ይህን ሳይጠረጥር ቀረ።

ችግሩ፣ ኮዱ ሲመጣ የማን እንደሆነ አይናገርም። እትዬ ራሷ ስትከፍት ታውቀዋለች፤ አንዳንዱ መምህር ግን በራሱ ኮምፒውተር ሊገባ ሲሞክር ድንገት ስልኳ ጢን ይላል። ኮዱ ደግሞ ቶሎ ነው የሚሞተው። ስለዚህ እትዬ መላ ዘየደች። ስልኩ ጢን ሲል ከወንበሯ ተነስታ በሩ ላይ ቆማ ኮሪደሩን በድምፅ ትሞላዋለች፦

«ቁጥር መጣች፣ የማን ናት?»

«የእኔ ናት፣ እትዬ!» ይላል አንዱ ከወዲያ ጥግ።

ቁጥሩን አንድ በአንድ ትጠራለታለች። ውጤት ሊጠይቁ ግድግዳ ተደግፈው የቆሙ ተማሪዎች ይሰማሉ፤ ጆሮው ለሚያስቸግረው መምህር ተቀብለው የሚደግሙለትም ነበሩ። ጥርስ ሐኪም ወንበር ላይ አፏ በጥጥ ተሞልቶ ሳለ ስልኳ ጮኾ፣ ኮዱን ለስታቲስቲክሱ መምህር ያነበበለት ሐኪሙ ነው።

እውነቱን ለመናገር ደስ ይላት ነበር። እሷ ሳትጮህ የማይከፈት ዲፓርትመንት! ባሏ ግን ይቀልድባታል። ጡረታ የወጣ የረጅም መንገድ ሹፌር ነው፤ ዕድሜ ልኩን ክላክስ ሲነፋ ኖሮ አሁን የሚነፋበት ነገር ስለሌለው እሷን ይነካካታል።

«ይሄን ሁሉ ምሁር በኪስሽ ይዘሽ ስትዞሪ አይከብድሽም?»

«አንተን ተሸክሜ ስኖር ያልከበደኝ!»

ነገሩ መክበድ የጀመረው ልጇ የደወለች ዕለት ነው።

አንድ ልጅ ነው ያላት። ልጅቷ ከባሏ ጋር ከተራራው ወዲያ ባለ ትምህርት ቤት ታስተምራለች። እዚያ ኔትዎርክ ከሰፈሩ በላይ ካለው ጉብታ ላይ ካልሆነ አይገኝም፤ ልጅቷ እናቷን ለማነጋገር እሱን ትወጣ ነበር። የመጀመሪያ ልጇን አርግዛለች። ያን ቀን ስትደውል ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ ይል ነበር።

«እማዬ፣ ከእንግዲህ እዚህ ላይ መውጣት አልችልም። ሆዴ አያስኬደኝም። ስለዚህ ስልክ አትጠብቂ፣ ራስሽ ነይ።»

«እመጣለሁ እኮ ልጄ።»

«እመጣለሁ ብለሽ ደግሞ ሥራ ያዘኝ እንዳትይኝ። ፈርቻለሁ እማዬ። ብቻዬን እንዳልወልድ።»

«አንቺን ብቻሽን? እኔ ቆሜ?»

መስመሩ ተቋረጠ። እትዬ እጇ ላይ ያለውን ስልክ አየችው። ልጇ ዘንድ መሄድ ማለት የዚህ ስልክ ድምፅ መጥፋት ማለት ነው፤ ስልኩ ከጠፋ ደግሞ የውጤት ማስገቢያው ሳምንት ላይ መላው ዲፓርትመንት ውጪ ማደሩ ነው።

ኃላፊው ዘንድ ገባች።

«ዶክተር፣ የዓመት ፈቃዴን ልውሰድ። ልጄ ልትወልድ ነው።»

«ጎሽ፣ እንኳን ደስ ያለሽ። በኋላ እናየዋለን።»

«ልጅ በኋላ ቢሉት አይሰማም።»

«ውጤት እስኪገባ ነው እኮ። አንቺ ከሄድሽ ማን ይከፍትልናል?»

«የየራሳችሁን ስልክ አስመዝግቡ። ስልክ የሌለው አለ እንዴ? እርስዎ ራስዎ ሁለት ይዘዋል።»

«እሱንም በኋላ እናየዋለን።»

እትዬ ሞኝ አይደለችም፤ ነገሩን በጽሑፍ አደረገችው። ከራሷ አካውንት ወደ እሱ አካውንት ኢሜይል ላከች፦ ልጇ ለመውለድ መቃረቧን፣ የሁሉም መምህራን ኮድ ወደ እሷ ስልክ ስለሚመጣ ከመሄዷ በፊት እንዲለወጥ፣ ፈቃዷም እንዲፈረምላት። ከዚያ ተነስታ እሱ ቢሮ ገባችና ኢሜይሏን ከፍታ ጮክ ብላ አነበበችለት።

«በኋላ በያት» አለ ዶክተሩ፣ ከጋዜጣው ቀና ሳይል።

እትዬ ጣቷን ፊደሎቹ ላይ አሳረፈች። ተፈቅዷል ብላ ብትጽፍ የሚያውቅ የለም። የእሱን ቃል ዕድሜ ልኳን ስትጽፍ ኖራለች፤ አንድ ቃል ብትጨምር ምን አለበት? ግን አላደረገችውም። ያልተባለን ነገር ተባለ ብላ በአፏ ታወራ ይሆናል፣ በሰው ስም ግን አትጽፍም። እሷ ዘንድ ይህ ሌላ፣ ያ ሌላ ነው። ከበሩ ስትወጣ ግን እንዲሁ አልወጣችም።

«እኔ ባልኖር አንዲት ፊደል እንኳ መጫን አይችሉም» አለችው። ይህች ቃል ናት ጣጣ ያመጣችው።

በማግስቱ ጠዋት እትዬ እንደልማዷ የዶክተሩን ኮምፒውተር ከፈተችለትና ወደ ቢሮዋ ተመለሰች። ዶክተሩ በትናንቱ ቃል ሲብሰለሰል ነው ያደረው። ብቻውን ተቀምጦ የገዛ ኢሜይሉን በገዛ ዓይኑ ማንበብ ጀመረ። የመጀመሪያው ላይ «የኢሜይል ሳጥንዎ ሞልቷል፤ ዛሬ ካላረጋገጡ ይዘጋል፤ የአይሲቲ ክፍል» ይላል። ከሥሩ ሊንክ አለ። ይሄማ ቀላል ነው፣ ራሴው ጨርሼው ወሬውን ለእሷ እነግራታለሁ ብሎ ተጫነው። በሬ ሆይ፣ ሣሩን አየህና ገደሉን ሳታይ።

ገጹ ፓስወርድ ጠየቀው። ዶክተሩ የራሱን ፓስወርድ አያውቀውም።

«እትዬ!» አለ በኮምፔንሳቶው በኩል። «ፓስወርዴ ምን ነበር?»

«ምን ሊያደርጉበት?»

«ልገባበት ነዋ።»

«ልምጣ?»

«ግዴለም፣ ራሴ ነኝ የምሠራው።»

እትዬ ልቧ ራራ። እሱ እየተማረ ከሆነ እኔም መሄጃዬ ቀርቧል አለች። በግድግዳው በኩል ፊደል በፊደል ነገረችው። ወዲያው ስልኳ ጢን አለ፤ ብድግ ብላ በሩ ላይ ቆመች።

«ቁጥር መጣች፣ የማን ናት?»

«የእኔ ናት!» አለ ዶክተሩ። ድምፁ ኩራት ኩራት ይላል።

ቁጥሩን ጠራችለት። ገጹም «ስለ ትብብርዎ እናመሰግናለን» አለው። አንደኛውንም ቁልፍ፣ ሁለተኛውንም ቁልፍ ያቀበለችው እትዬ ናት፤ ያውም በደስታ። ዶክተሩ እጁን ወደኋላ አጣምሮ በኮሪደሩ አንድ ጊዜ ወዲያ፣ አንድ ጊዜ ወዲህ ተንጎራደደ።

«ፊደል መጫን አይችልም ያልሽው ሰው አሁን ጨርሶ ወጣ» አላት።

«ይበርቱ ዶክተር። ነገ ደግሞ ማንበብ እናስጀምርዎታለን።»

ምሳ ሰዓት ሳይደርስ ለመምህራኑ ሁሉ ከኃላፊው አካውንት ኢሜይል ደረሳቸው፦ ይህን ገጽ ዛሬውኑ ሙሉ። የስታቲስቲክሱ መምህር አለቃው ከመቼ ወዲህ ዛሬውኑ ማለት እንደጀመረ ቢገርመውም ሊንኩን ነክቶ ፓስወርዱን ጻፈ። ውሻውን ማለት ነው። ከእሱ ሌላም የጻፉ ነበሩ። ገጹ «እባክዎ ይጠብቁ» ሲላቸው መጠበቅ ሰልችቷቸው ምሳ ወጡ።

እትዬ ምሳዋን ቢሮዋ ነው የምትበላው። ዳቦዋን ገና ጎረስ ስታደርግ ስልኳ ጢን አለ። ተነስታ ጮኸች። ኮሪደሩ ጭር ብሏል፤ መላሽ የለም። ተመልሳ ስትቀመጥ ደግሞ ጢን። እንደገና ጢን። የማንም ያልሆነ ቁጥር በላይ በላዩ ይመጣል።

ከዚያ ኮምፒውተሯ ላይ ኢሜይል ገባ። የላከው ዶክተሩ ነው፤ ስሙም አድራሻውም የራሱ ነው። እንዲህ ይላል፦

«ውድ ባልደረባዬ፣ አስቸኳይ ስብሰባ ላይ ስለሆንኩ መደወል አልችልም። ዛሬ ወደ ስልክዎ የሚመጡትን ቁጥሮች እየተከታተሉ በዚህ ኢሜይል ይላኩልኝ። ልጅዎ ለመውለድ መቃረቧን ተረድቻለሁ፤ የጠየቁትን ፈቃድ ዛሬውኑ እፈርምልዎታለሁ። ስለ ትጋትዎ ከልብ አመሰግናለሁ።»

እትዬ ዓይኗ እንባ አቀረረ። ዛሬውኑ! ልጇ ያቺን ጉብታ እያየች፣ እናቴ ቀረች እያለች ስትብሰለሰል ታያት። ዳቦውን አስቀምጣ እጇን በቀሚሷ ጠራርጋ መልስ መጻፍ ጀመረች። የመጀመሪያውን ቁጥር ከስልኳ እያየች ግማሽ ያህሉን ጻፈች። ከዚያ ኢሜይሉ በጣም ስላማረባት ደግማ ልታነበው ዓይኗን ወደ ላይ መለሰች።

«ውድ ባልደረባዬ።» ጥሩ አማርኛ ነው። «ከልብ አመሰግናለሁ።» ይሄም ጥሩ ነው።

ማነው የጻፈው?

እጇ ባለበት ቀረ። የዶክተሩን ኢሜይል የምትጽፈው እሷ ናት። ሌላ ጸሐፊ የለውም። እሱ ለእሷ ደብዳቤ ይላክ ቢል እንኳ የምትጽፈው እሷው ናት፤ ጽፋ፣ ልካ፣ ተመልሳ ቢሮዋ መጥታ ታነበው ነበር። ይህን ደግሞ እሷ አልጻፈችውም። የጻፈችውን ታውቃለች።

የጻፈቻቸውን ቁጥሮች አንድ በአንድ አጠፋች። ከዚያ የዶክተሩን በር ከፍታ ገባች። ዶክተሩ ጠረጴዛው ላይ ለውዝ ዘርግቶ እየፈለፈለ ነበር።

«ዶክተር፣ ስብሰባ ላይ ነዎት?»

«ከማን ጋር?»

«ለእኔ ኢሜይል ልከዋል?»

«እኔ? ለአንቺ? በየት እጄ?»

«ፈቃድሽን ዛሬውኑ እፈርማለሁ ብለዋል።»

«ኧረ አላልኩም» አለ ዶክተሩ ደንግጦ።

«እሱንማ አውቄያለሁ» አለችና ስልኩን አንስታ ጠርጣሪው ጋ ደወለች።

ጠርጣሪው ደረጃውን ሁለት ሁለቱን እየዘለለ መጣ። የዶክተሩን አካውንት ዘጋ፣ ፓስወርድ የጻፉትን መምህራን ከምሳ አስጠርቶ የሁሉንም አስለወጠ። ላቡን ጠራርጎ ሲያበቃ ወደ እትዬ ዞረ።

«ኮዶቹን ባይከለክሉት ኖሮ የተማሪው ሁሉ ውጤት በሌባ እጅ ነበር። አንድ ነገር ግን አልገባኝም። የእነዚህ ሁሉ ሰዎች ኮድ እርስዎ ስልክ ላይ ምን ይሠራል?»

የስታቲስቲክሱ መምህር የጣሪያውን አምፖል መመርመር ያዘ።

«እኔ ነኝ የምጠራላቸው» አለች እትዬ።

«ምን ብለው?»

«ቁጥር መጣች፣ የማን ናት ብዬ።»

«ጮክ ብለው?»

«ጮክ ካላልኩ ጥጉ ላይ ያለው አይሰማም።»

ጠርጣሪው ወንበር ስቦ ተቀመጠ። «ሌባውም ይህን ከእርስዎ የፈቃድ ጥያቄ ላይ ነው ያነበበው። የሁሉም ኮድ እኔ ጋ ይመጣል ብለው ጽፈዋል።» ራሰ በራውን በሁለት እጁ ያዘ። «እኔኮ ደግሞ የምስጋና ኢሜይል ልኬላችኋለሁ።»

«ደርሶናል» አለች እትዬ። «ለዶክተርም አንብቤላቸዋለሁ።»

ሁሉም እዚያው ቆሞ የራሱን ስልክ እንዲያስመዘግብ ታዘዘ። ያኔ የተሰማው ሰበብ ነው ሰበብ። አንዱ ስልኬ ቻርጅ የለውም አለ። የስታቲስቲክሱ መምህር የእኔ ስልክ ሚስቴ እጅ ላይ ነው የሚውለው ሲል፣ እትዬ «እንኳን ታረቃችሁ» አለችው። ዶክተሩ ሁለቱን ስልኮች አውጥቶ አያቸው።

«ቁጥሬ ስንት እንደሆነ አላውቅም» አለ። «ራሴ ለራሴ ደውዬ አላውቅማ።»

እትዬ ከጭንቅላቷ ነገረችው። ሁለቱንም።

ምዝገባው ሲያልቅ ኮሪደሩ ውስጥ በየኪሱ ጢን ጢን አለ። የእትዬ ስልክ ዝም አለ። እጇ ውስጥ አገላበጠችው፤ ጥርስ የተነቀለበትን ድድ በምላስ እንደመነካካት ነገር። ከዚያ ዶክተሩን አየችው።

ዶክተሩ «በኋ...» ብሎ ጀመረ። ጠርጣሪው አየው። ዶክተሩ ጉሮሮውን ጠራረገና እስክሪብቶ ፈልጎ ፈቃዷን ፈረመ።

ልትወጣ ስትል ጠርጣሪው ደረጃው ላይ አስቆማት። «አንድ ነገር ልንገርዎት። በጽሑፍ የመጣን ነገር በድምፅ ያጣሩ። ድምፁንም ከጠረጠሩ እርስዎና ዶክተሩ ብቻ የምታውቁትን አንድ ነገር ይጠይቁ። መቼም ይህን ያህል ዓመት አብራችሁ ስትሠሩ አይጠፋም።»

«አይጠፋም» አለች እትዬ።

ባሏ አውቶቡስ ተራ ድረስ ሻንጣዋን ይዞ ሸኛት። «ያን ሁሉ ምሁር የት ጥለሽው ነው የምትሄጂው?» አላት። «በየኪሳቸው» አለችው።

ደረሰች። ልጅቷ በሩ ላይ ወንበር አውጥታ መንገድ መንገዱን ስታይ ነበር፤ እናቷን ስታይ መነሳት አቅቷት እዚያው ተቀምጣ እየሳቀች አለቀሰች። ሰዓቱ ሲደርስም እትዬ አጠገቧ ነበረች፤ እጇን ይዛ ስለ ዲፓርትመንቱ ያላትን ወሬ ሁሉ አንድ ሳታስቀር አወራቻት። ምጡ ሲጠና ልጅቷ «እማዬ፣ ዝም በይ» ትላለች፤ ረገብ ሲልላት ደግሞ «እሺ፣ ከዚያስ ሰውዬው ምን አለ?» ትላለች። ሴት ልጅ ተወለደች፤ ድምፀ ጎርናና።

«አንቺን ነው የመሰለችው» አለች ልጅቷ። «ኮሪደር ያስፈልጋታል።»

ለባሏ ልታበስር እትዬ ጉብታውን ወጣች። አያት መሆን ነው መሰል ጉልበቷ አልተሰማትም። ለባሏ ደወለች፤ እሱም በስልኩ ውስጥ በአፉ ክላክስ ነፋላት። ዘግታ ልትወርድ ስትል ጢን አለ። ልማድ ነውና አፏን ከፈተች፤ ከዚያ ከፊቷ ሁለት በጎች እንጂ ሌላ እንደሌለ አየች።

መልእክት ነው። ከዶክተሩ ቁጥር። «የቁም ሳጥኑ ቁልፍ የት ነው ቶሎ በይ» ይላል። ለተከበሩ የለው፣ አክብሮት የለው፣ ነጥብ እንኳ የለው። እሱ ራሱ የጻፈው ይመስላል። ቢሆንም ቁም ሳጥኑ ውስጥ የፈተና ወረቀት አለ። ደወለችለት።

«አቤት፣ እትዬ! የታለ ቁልፉ? ሰው ሁሉ ቆሞ እየጠበቀ ነው።»

«ማን ልበል?»

«እኔ ነኛ።»

«እኔ የሚል ሰው ብዙ ነው። ባለፈው ጊዜም እርስዎ ነኝ ብሎ ፈቃድ የፈረመልኝ ሰው ነበር።»

«ድምፄን አታውቂውም እንዴ?»

«ድምፅ ይመሳሰላል። ሁለተኛውን ቁልፍ ካልሰጡኝ የመጀመሪያውን አልሰጥም፤ ከአይሲቲ የመጣ ትእዛዝ ነው። ያን ቀን ጠረጴዛው ላይ ምን ነበር ያወጣዎት?»

በስልኩ ውስጥ ከዶክተሩ ጀርባ የሰዎች ድምፅ፣ የወንበር መንኳኳት፣ የስታቲስቲክሱ መምህር ሳል ይሰማል። ሁሉም እዚያ ናቸው።

«በኋላ ልንገርሽ» አለ ዶክተሩ ቀስ ብሎ።

«እሺ። ቁልፉንም በኋላ ነዋ።»

ዶክተሩ አፉን ስልኩ ላይ ለጥፎ አንድ ነገር አንሾካሾከ።

«እዚህ ጉብታ ላይ ነፋስ ነው፣ አልሰማም።»

ደገመው።

«ኧረ አልሰማም ዶክተር።»

«አይጥ!» አለ ዶክተሩ። «አይጥ ናት ጠረጴዛው ላይ ያወጣችኝ!»

ከጀርባው አንድ ሰው፣ የስታቲስቲክሱ መምህር ሳይሆን አይቀርም፣ ፍርስ ብሎ ሳቀ፤ ሌላው ተከተለው፤ ኮምፔንሳቶውም አላስቀረውም፣ ሳቁ እስከ ኮሪደሩ ጥግ ድረስ ሲሄድ እትዬ ጉብታው ላይ ሆና ሰማችው። መሐላዋን አልበላችም። እሷ አልተናገረችም።

«ቁልፉ የአበባ ማሰሮው ሥር ነው» አለች። «ሴት ልጅ ናት፣ ለሁሉም ንገሩልኝ።»

ስልኩን አጥፍታ ኪሷ ውስጥ ከተተችና ወደ ታች ወረደች። ከታች የሕፃኗ ድምፅ ይሰማል፤ እየጠራች ነው፤ የማን ናት ብሎ መጠየቅ አያስፈልግም።